«ባንክ» ምንድን ነው? የወንዝ ዳርና የገንዘብ ቤት በምን ይገናኛሉ?

«የእንግሊዝኛው ባንክ መጀመሪያ የወንዝ ዳር ማለት ነበር። ገንዘብ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ከረንሲ (መገበያያ ገንዘብ) የተባለውም ለዚህ ነው። ባንኩ ግራና ቀኝ ቆሞ ፍሰቱን ይይዛል።» ይህ ማብራሪያ ከአፍ አፍ እየዞረ ነው፤ ሰሞኑንም አንድ የገንዘብ ጉዳይ ተንታኝ እንደተረጋገጠ እውቀት ሲያስተምረው ተሰምቷል። አነጋገሩ ጆሮ ይይዛል። ግን ስህተት ነው፤ ሰምቶ የሚደግመው ሰው ሲበዛ ደግሞ ዝም ማለት ይከብዳል።

በአንድ ሰፈር ሁለት ከበደዎች ቢኖሩ አንድ ሰው ናቸው አንልም፤ ሞክሼ ናቸው እንላለን። የአንዱን ዕዳ ሌላው አይከፍልም፣ የአንዱን ርስት ሌላው አይወርስም። እንግሊዝኛ ውስጥም «ባንክ» የሚለውን ስም የተሸከሙ ሦስት ሞክሼዎች አሉ። ብዙ ፍቺ ያለው አንድ ቃል ሌላ ነው፤ አንድ ድምፅ የሚጋሩ የተለያዩ ቃላት ሌላ ናቸው። የተንታኙ ሙግት የተበላሸው ገና እዚህ ላይ ነው።

በዕድሜ የሚበልጠው ሞክሼ የወንዙ ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚታየው እ.ኤ.አ. ከ1200 አካባቢ ጀምሮ ሲሆን፣ ምንጩም ሰሜንና ምሥራቅ እንግሊዝ ሰፍረው የነበሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ነው። መነሻ ፍቺው ግን ውሃ አይደለም፤ የአፈር ቁልል፣ ተዳፋት ነው። የወንዝ ዳር በዚህ ስም የተጠራው ከፍ ብሎ የተቆለለ አፈር በመሆኑ ነው። ባሕር ውስጥ ያለ የአሸዋ ክምርም፣ ሰማይ ዳር ላይ የተከመረ ጉምም «ባንክ» የሚባሉት ለዚህ ነው። አውሮፕላን ሲታጠፍ አንዱን ክንፍ ዝቅ ሌላውን ከፍ አድርጎ ማዘንበሉም ከዚሁ ተዳፋት የተወሰደ ነው። በአብራሪው ክፍል ውስጥ «ባንክ አንግል» የሚል የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከተሰማ አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ወደ ጎን አዘንብሏል ማለት ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ተርጓሚን በብዛት የሚያሳስተው የእሳቱ ነው። በእንግሊዝኛ እሳትን «ባንክ ማድረግ» የእኛው ማዳፈን ነው፤ ፍሙን ወደ መሐል ሰብስቦ አመዱን በላዩ መቆለል። አመዱ ከሳሳ አየር ይገባና ፍሙ ሌሊቱን ነድዶ ያልቃል፤ ከልክ በላይ ከታፈነ ደግሞ ይጠፋል። በደንብ የተዳፈነ ረመጥ ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ይህን ቃል ያየ ተርጓሚ «እሳቱን አጠራቀመው» ወይም «አስቀመጠው» ብሎ ከጻፈ፣ የወንዙን ከበደ ፈልጎ የገንዘቡን ከበደ በር አንኳኳ ማለት ነው።

የገንዘቡ «ባንክ» እንግሊዝ አገር የደረሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የመጣው ከጣሊያንኛው «ባንካ» ሲሆን ፈረንሳይኛም በመንገዱ ላይ አለ። ፍቺው አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያም ጠረጴዛ ነው። በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ከተሞች ውስጥ ገንዘብ ለዋጩ ሳንቲሙን የሚቆጥረውና የሚያበድረው ጠረጴዛ ላይ ስለነበር፣ የጠረጴዛው ስም የሥራው ስም ሆነ። ግሪክኛም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሷል፦ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 የተገለበጡት የገንዘብ ለዋጮች ገበታዎች በግሪክኛው «ትራፔዛ» ይባላሉ፤ ዛሬም አቴና ውስጥ ባንክ «ትራፔዛ» ነው። ማስረጃው እኛም ዘንድ አለ። የሱቅና የቡና ቤት «ባንኮኒ» የጣሊያንኛው «ባንኮኔ» ማለትም ትልቁ ጠረጴዛ ነው። ባንክ ቤት ገብቶ ባንኮኒው ላይ ደብተሩን የሚያስቀምጥ ሰው አንዱን ሥር ሁለቴ እየነካ ነው።

የእንግሊዝኛው «ባንክረፕት» ማለትም የከሰረ፣ «የተሰበረ አግዳሚ» ከሚለው የጣሊያንኛ ሐረግ የመጣ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቃሉ የሚናገረው መሰበርን ብቻ ነው፤ የከሰረው ሰው ጠረጴዛ በአደባባይ በመጥረቢያ ይፈለጥ እንደነበር አይመሰክርም። እኛም «ቤቱ ፈረሰ» ስንል ግድግዳው ወደቀ ማለታችን አይደለም። ከአንድ ቃል ታሪክ ሙሉ ትዕይንት መፍጠር የቃላትን ምንጭ የማጥናት ሙያ የቆየ ደዌ ነው።

ሦስተኛው ሞክሼ ብዙ አያቆየንም። ከድሮ ፈረንሳይኛ የገባ ሲሆን የመርከብ ቀዛፊዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ነበር፤ ኋላም ለማንኛውም ተደርድሮ ለተሠራ ነገር ዋለ። ጎን ለጎን የቆሙ አሳንሰሮች፣ በረድፍ የተተከሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች «ባንክ» የሚባሉት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ተንታኙ እንመለስ። የገንዘቡ ቃል የተወለደው በጣሊያንኛ ነው። በጣሊያንኛ ደግሞ የወንዝ ዳር «ሪቫ» ወይም «ስፖንዳ» እንጂ «ባንካ» አይደለም። ቃሉ እንግሊዝ የገባው የገንዘብ ሥራ ስም ከሆነ በኋላ ነው፤ ከወንዙ ጋር የተገጣጠመው እዚያ ሲደርስ ነው። ጀርመንኛን ብናይም የወንዝ ዳር «ኡፈር» ነው። የገንዘቡ ባንክና አግዳሚ ወንበሩ በነጠላ ሁለቱም «ባንክ» ናቸው፤ ሲበዙ ግን የገንዘቡ «ባንከን»፣ የወንበሩ «ቤንከ» ይሆናል። የብዙ ቁጥር ሞክሼዎችን የሚለይ ጥሩ ምስክር ነው።

«ከረንሲ»ም ቢሆን አያድነውም። ሥሩ በላቲን «ሮጠ» የሚለው ግስ ነው፤ የውሃ ፍሰት ስምም ከዚያው ወጥቷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቃሉ ለገንዘብ ዝውውር መዋል የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። የገንዘቡ «ባንክ» በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ኖሯል። ልጁ ከተዳረ በኋላ የመጣ እንግዳ ስም አውጪ ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ግን በሐቅ መነገር አለበት። ሞክሼዎቹን ሰባት ቤት ድረስ ብንቆጥር ይዛመዳሉ። ሁሉም የሚወጡት እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ከተወለዱበት ጥንታዊ ጀርመናዊ ቋንቋ አንድ ሥር ነው፤ ይህ ሥር በጽሑፍ አልተገኘም፣ ሊቃውንት ልጆቹን አነጻጽረው መልሰው የገነቡት ነው፣ ስለዚህም በኮከብ ምልክት ይጻፋል። አንዱ ወገን በሰሜን ቀርቶ ቁልል ሆነ፤ ሌላው አግዳሚ ሆኖ ከጀርመናውያን ነገዶች ወደ ጣሊያን ተሻገረ፣ እዚያ ገንዘብ ነክቶ እንግሊዝ ገባ፤ እቤት የቀረው የእንግሊዝኛ ዘመዱ «ቤንች» ይባላል። ቁልልና መቀመጫ እንዴት አንድ ሥር ኖራቸው ለሚል ሰው፣ ከግድግዳ ጥግ በጭቃ የተሠራውን መደብ ማየት ይበቃል፤ የችግኝ መደብም ከፍ ተደርጎ የተሠራ አፈር ነው። ተንታኙ «ይኸው ዘመዳሞች ናቸው» ቢል አይረታም፤ የሚያዛምዳቸው ከፍ ያለው አፈር እንጂ የሚፈሰው ውሃ አይደለም።

አማርኛ የወሰደው የገንዘቡን ብቻ ነው። በ1898 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን ሲመርቁ ቃሉ ከነሥራው መጣ። ለወንዙ «ዳር»፣ ለእሳቱ «ማዳፈን»፣ ለአውሮፕላኑ «ማዘንበል» ስላለን ሌሎቹ ሞክሼዎች ቦታ አላገኙም። ስለዚህ የአማርኛውን «ባንክ» በወንዝ መተርጎም ጨርሶ መሠረት የለውም።

መዝገበ ቃላት ሲከፈት መታየት ያለበት ቁጥሩ ነው። ከቃሉ ራስ አጠገብ ከፍ ብሎ የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ካለ ሞክሼን ያመለክታል፤ 1 እና 2 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በማብራሪያው ውስጥ በተርታ የሚወርዱት ቁጥሮች ግን የአንዱ ቃል ፍቺዎች ናቸው። «የደም ባንክ» የሚገኘው በገንዘቡ ቃል ሥር ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1937 በቺካጎ ኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ያወጣው ሐኪሙ በርናርድ ፋንተስ ነው፤ ደም ይቀመጣል፣ ሲያስፈልግ ይወጣል። የስልክ መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ ትንሿን ቁጥር አጥፍቶ ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ይደረድራል። በዚያ ዝርዝር ላይ የደም ባንክና የወንዝ ዳር የአንድ እናት ልጆች መስለው ይታያሉ።