የበግ ጠጉር ፈትልና ማቅለም በደሴ ዙሪያ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ቁልቁል ወደ 25 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። የኮምቦልቻው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው በጥጥ ነው፤ በደጋው ያለው የበግ ጠጉር ፈትል ግን የገበሬው ቤት ሙያ ነው፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ከደሴ በስተምዕራብ ወዳለው ደጋ፣ ወደ ለጋምቦ ሲወጣ ብርዱ ይበረታል፤ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (የጠጉር ካባ) እዚያ የግድ ይሆናሉ።

የወሎ በግ ትንሽ፣ ጠጉሩም ሻካራ ነው። ለሹራብ ይቆረቁራል፤ ለባና እና ለምንጣፍ ግን ጥንካሬው ተፈላጊ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከዚህ ጠጉር ቀጭን ክር አወጣለሁ ብሎ ባይደክም ይሻላል፤ ወፍራምና ወጥ ክር ማውጣት በራሱ ትልቅ ሙያ ነው።

ከሽለታ በኋላ ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው ለየብቻ ይቀመጣል፤ ጭንጎጎቱንና በጠጡን መልቀም ብዙ ጊዜ ለልጆች ይሰጣል። የሚታጠበው ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙና ወይም በእንዶድ ነው፤ ይጨመቃል እንጂ አይታሽም። በሙቅ ውሃ የታሸ ጠጉር እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለሚጠጥር ከዚያ ወዲያ ለፈትል አይሆንም። ሲደርቅ በደጋን ተነድፎ ይባዘታል።

ፈታይዋ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቅና በሌላው እጇ ጠጉሩን ቀስ እያለች ትስባለች። ክሩ ትንሽ ሲላላ እየተጠማዘዘ ከተቋጠረ የክሩ ጥምዝ በዝቷል፤ ሲሳብ ተንሸራቶ ከተለያየ ደግሞ አንሷል። ይህን ጣት እንጂ ዓይን አያስተምረውም፤ ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የምትማረውም ለዚህ ነው።

ማቅለም የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ጥሩ ጥቁር ጠጉር ደግሞ ባይነከር ይመረጣል። ነጩ ክር መጀመሪያ በአሉም፣ ማለትም ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ በሚያደርግ ጨው ይዘፈዘፋል፤ ለአንድ ኪሎ ደረቅ ክር ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ከቢጫ እስከ ብርቱካን የሚደርስ መልክ ይሰጣል፤ በብረት ድስት ከተቀቀለ ይጠቁራል። እርድ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ያወጣል፣ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ያደበዝዘዋል፤ ለዕለት መገልገያ አይመከርም። ድስቱ ሳይንተከተክ አንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ይሞቃል፤ ክሩም ውስጡ እንዳለ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ ድስት የመጀመሪያውን መልክ በትክክል ስለማይደግም፣ ለአንድ ምንጣፍ የሚበቃው ክር በአንድ ጊዜ ተነክሮ በጥላ ይደርቃል።