ቦይለሩ የሚያንጠባጥበው ተበላሽቶ አይደለም

ልደታ ልጠራ፣ ሰንጋ ተራ ወይም ካዛንቺስ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቀና ሳልል የምሰማው አንድ ነው፦ «ከሥሩ ያንጠባጥባል፣ ድፈንልን።» አልደፍንም። ለምን እንደማልደፍን ለየሰዉ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ልጻፈው።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 60 ሲደርስ 1.2 ሊትር ያህል ይጨምራል። ታንከሩ ብረት ነው፣ አይለጠጥም። ቀዝቃዛው በሚገባበት በኩል ያለችው ሴፍቲ ቫልቭ ደግሞ ውሃው ወደ መጣበት እንዲመለስ አትፈቅድም። ታዲያ ትርፉ የት ይሂድ? ግፊቱ ቫልቯ ላይ የተጻፈው ልክ ሲደርስ (ብዙዎቹ ላይ 8 ባር ነው) ጠብ ጠብ እያለ በጎኗ ይወጣል። ሥራዋ ነው።

የሚያሳስበው ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞም ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ነው። ያኔ ወይ ቆሻሻ ገብቶባታል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ያም ቢሆን ቫልቯ ትቀየራለች፣ ካልሆነም ግፊት መቀነሻ ይገጠማል። አትደፈንም።

አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቀዳዳዋ ቴፍሎን በተጠቀለለበት ብሎን ተጠርቅሞ አገኘሁ። «እማማ፣ ይሄን ማን ሠራው?» ብላቸው፣ «ባለሙያ ነው ልጄ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅ» አሉኝ በኩራት። በምን በኩል ይበል! ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አላጠፋ ቢል፣ መጠባበቂያ ማጥፊያውም ባይሠራ፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎ ይሞቃል። ግፊት ስላለበት አይፈላም። ታንከሩ የተሰነጠቀ ለታ ግን ከፊሉ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል። ግድግዳ የሚያፈርስ ነገር ነው።

ጠብታው ካስቸገራችሁ ቀጭን ጎማ ሰክታችሁ ወደ ፍሳሹ ውሰዱት፤ የጎማው ጫፍ ክፍት ይሁን። በወር አንዴ ማንሻዋን ከፍ አድርጉና ውሃ መልቀቋን እዩ። ሙቅ ነው፣ እጃችሁን አርቁ። ካልለቀቀች ቀይሯት፤ ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

«ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ባዶውን ይቃጠላል» የሚሉም አሉ። በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ሰው ስጋቱ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም። ሙቁ የሚወጣው ከታንከሩ አናት ነው፤ የሚገፋው ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ነው። የሚገፋው ሲጠፋ ታንከሩ እንደሞላ ይቀራል። ወደ ኋላ እንዳይፈስ የምትይዘውም ያቺው ልትደፍኗት የነበረችው ቫልቭ ናት። የሚቃጠለው አዲስ ተገጥሞ ወይም ታጥቦ፣ ሳይሞላ የበራ ነው። የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፤ ውሃው አየር መትፋቱን ትቶ በደንብ ሲወርድ ብሬከሩን አንሱ።

«የሙቀት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ካዞርኩት ቶሎ ይሞቃል።» አይሞቅም። 1500 ዋት ያው 1500 ዋት ነው። 80 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩት።

«ቦይለሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጠፋች፣ ተበላሸ።» ብዙ ጊዜ ውሃው ሞቆ ነው።

«ቦይለር ሰርቪስ አይፈልግም።» ውስጡ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ታንከሩ እንዳይዝግ ራሱ እየተበላ ይከላከላል። ሲያልቅ ተራው የታንከሩ ነው። በዓመት በሁለት ዓመት አስፈትሹት።

«ሻወር ላይ ትንሽ ይነዝራል፣ ለምደነዋል።» ኮረንቲ ይለመዳል እንዴ? ብዙ ጊዜ ውሃውን የሚያሞቀው የሬዚስታንሱ ሽፋን ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ኧርዙም (ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የለም ማለት ነው። «ኧርዙ ከቧንቧው ጋር ታስሯል» ትሉኛላችሁ። ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ማሰሩ ምንም አይጠቅምም። ዛሬውኑ ብሬከሩን አውርዱ፤ ሬዚስታንሱ ይፈተሽ፣ እውነተኛ የኧርዝ መስመር ይሳብ፣ ኮረንቲ ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከርም ይገጠም። እስከዚያ ውሃውን በምድጃ አሙቃችሁ ታጠቡ።