ግሉተን ባቆምን ማግስት፦ ስለ ሰውነታችን የሚወራውና እውነታው

«ዳቦ ተውኩ፣ በሳምንቱ ሆዴ ጸጥ አለ፣ ዳንኩ!» ይህን እኔም ብያለሁ። ሴሊያክ እንዳለብኝ በታወቀ ሰሞን ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይሄንኑ ነበር። ለማያውቀው፣ ሴሊያክ ማለት ስንዴ፣ ገብስና ራይ (ስንዴ መሰል እህል) ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲበላ፣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። ከ100 ሰው አንድ ገደማ አለበት ይባላል። ብዙዎቻችን ግን «ጨጓራ ነው» እየተባልን ዓመታት እንገፋለን። ሲታወቅልን ደግሞ ወሬው ይጀምራል።

«ሆዴ ከተሻለው አንጀቴም ድኗል»

ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ብዙ ሰው ላይ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል። አንጀቱ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ አዲስ ፎጣ ጸጉራም ነው። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በነዚያ ጸጉሮች በኩል ነው። ሴሊያክ ፎጣውን ይልጠዋል፤ ሲብስ እንደ አንሶላ ልሙጥ ያደርገዋል። መልሶ ለመብቀል ወራት ይፈጃል። አዋቂ ላይ ከ2 ዓመት በላይ የሚወስድበትም ጊዜ አለ፤ ልጆች ይፈጥናሉ።

በደም ምርመራ የሚታየው አንቲቦዲም (የሰውነት መከላከያው ተሳስቶ የሚያመርተው ፕሮቲን) ቢሆን ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ብረት ባለመመጠጡ የመጣ የደም ማነስም በአንድ ጀንበር አይለቅም። እኔ ሆዴ በሁለተኛው ሳምንት ዝም አለ። ደረጃ ስወጣ የሚይዘኝ ድካም ግን ወራት ቆይቷል። «ተሽሎኛል» ብሎ ከክትትል መቅረት የሚያስቆጨው ለዚህ ነው።

«መጀመሪያ ልተውና ልየው፣ ምርመራው ይደርሳል»

አይደርስም። ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን የቀሰቀሰውን ነገር ነው። ግሉተኑን ካቆማችሁ እሱም ይጠፋል፤ ውጤቱም «የለብዎትም» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ሐኪሙ ለሳምንታት ተመልሳችሁ ዳቦ እንድትበሉ ሊጠይቃችሁ ነው። ዳቦ በልቶ መታመም ደግሞ አውቆ ሲሆን ይመራል። ስለዚህ መጀመሪያ ደም ስጡ፣ ሐኪሙ ካለ ኢንዶስኮፒውንም (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ አንጀት የሚታይበትን ምርመራ) ተነሡ፣ ከዚያ ስንዴውን ተሰናበቱት።

«ራስ ምታቱና ድርቀቱ መርዙ እየወጣ ነው»

ግሉተን ሱስ አይደለም፣ የሚወጣ መርዝም የለም። የሆድ ድርቀት ከያዛችሁ የምትበሉትን እዩ። ከሱቅ የሚገዛው ከግሉተን ነጻ ዳቦ አብዛኛው የሩዝ ዱቄትና ስታርች ነው፤ አሰር የለውም። ምስር፣ ጎመን፣ ንጹህ ጤፍ፣ ብዙ ውሃ። ከወተት በኋላ የሚነፋችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚሠራው በዚያው በተላጠው ፎጣ ጫፍ ላይ ነው። ፎጣው ሲበቅል ብዙ ሰው ወደ ማኪያቶው ይመለሳል።

«ያከሳል»

የተራበ አንጀት ምግብ መምጠጥ ሲጀምር ብዙ ሰው ይወፍራል እንጂ! በዚያ ላይ ከግሉተን ነጻ የሚባለው ብስኩት በስኳርና በቅባት የታጨቀ ነው። ቀሚሴ ምስክር ነው።

«እኛ ምን ቸገረን፣ እንጀራ አለን»

እናቴ በስልክ፣ «ልጄ፣ እንጀራ በልቶ የታመመ አበሻ ታይቶ አይታወቅም» አለችኝ። ግማሽ እውነት አላት። ጤፍ ግሉተን የለውም። በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ነገር እንደሌለበት አሳትመዋል። ችግሩ ጤፉ አይደለም፣ ጓደኞቹ ናቸው።

እዚህ አሜሪካ አበሻ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ቅልቅል ነው። ሦስት ወር ሙሉ «ጤፍ» እያልኩ ስበላ የነበረውን ፓኬት አንድ ቀን ገልብጬ አነበብኩ። ፊቱ ላይ ጤፍ በትልቁ፣ ጀርባው ላይ በደቃቁ ጤፍ፣ ሩዝ፣ ገብስ። አለርጂ በሚለው መስመር ላይ ምንም የለም፤ የአሜሪካ ሕግ እዚያ ላይ ስንዴን እንጂ ገብስን ጻፉ አይልምና። ለካ መሻሌ መሃል ላይ ቆሞ የቀረው ወዶ አይደለም።

«ትንሽ ምን ያደርጋል» እንዳትሉ። በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለ3 ወር ሲወሰድ አንጀት እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። አንድ ቁራሽ ዳቦ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለው ብንል፣ የቁራሹ 40ኛ እጅ መሆኑ ነው። ፍርፋሪ!

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ወፍጮ ቤቱን ጠይቁ። ከእናንተ ጤፍ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ ድንጋዩ ላይ የቀረው ከጤፋችሁ ጋር ይመጣል። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ ጨጨብሳ፣ በብቅል የሚጠመቀው ጠላና ቢራ አይሆኑም። ቆጮና ቡላ፣ ሌላ ዱቄት ካልገባባቸው፣ ችግር የለባቸውም።

እኔን ያስቸገረኝ እርሾው ነው። ለዓመታት ያቆየሁት እርሾ ከስንዴ ቅልቅል ሊጥ የተረፈ ነበር። ጤፉን ንጹህ ብገዛም በሱ ነው የማቦካው። ልቤ እያዘነ ደፋሁት። ዕቃውን አጥቤ የጤፍ ዱቄትና ውሃ ብቻ በጥብጬ ኩሽናው ጥግ አስቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን አረፋ አወጣ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ እንኳን በቅጡ አልወጣም። ጥቅልል አድርጌ ቆሜ በላሁት።