ስታንድባይ ማብሪያው ቱቦ ያድናል? ስለ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ባለ ቱቦ አምፕሊፋየሮች፣ ማለትም ድምፅን አየር በወጣላቸው የመስታወት ቱቦዎች የሚያጎሉት፣ በሚጠገኑበት ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ ምክሮች አሉ። አንዳንዶቹ ዕቃውን ይጎዳሉ፤ አንዱ ግን ሰው ይገድላል።

«ስታንድባይ ካልተጠቀምክ የቱቦው ካቶድ ይላጣል»

ከሁሉም የጸናው እምነት ይህ ነው። ስታንድባይ ማብሪያ የቱቦዎቹን ማሞቂያ ክር እንደበራ ትቶ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ብቻ ይቆርጣል። ካቶድ፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ ሲሞቅ ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል፣ ሳይሞቅ ቮልቴጅ ቢደርስበት ሽፋኑ ይነቀላል የሚለው ስጋት የመጣው በሺዎች ቮልት ከሚሠሩ ትልልቅ የሬዲዮ ማሰራጫ ቱቦዎች ነው። የጊታር አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ300 እስከ 500 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ ይህ ጉዳት አያሰጋውም። የፌንደር ኩባንያ ትንሹ አምፕሊፋየር ቻምፕ ስታንድባይ ሳይኖረው ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። የዚያ ዘመን የቤት ሬዲዮኖችም አልነበራቸውም።

እንዲያውም ማብሪያው ራሱ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ በሚቀይረው ሬክቲፋየር ቱቦና ኤሌክትሪክ በሚያከማቹት ካፓሲተሮች መካከል ከተገጠመ፣ ሬክቲፋየሩ ከሞቀ በኋላ ማብሪያው ሲበራ ባዶዎቹ ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ብዙ ጅረት ይስባሉ፤ ቱቦው ውስጥ የእሳት ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። እንደ ጂዜድ34 ያለ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ሬክቲፋየር ካለ ሁለቱን ማብሪያዎች አንድ ላይ ማብራት ይሻላል፤ ቮልቴጁ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ሬክቲፋየሩ በቱቦ ፈንታ ዳዮድ፣ ማለትም መሞቅ ሳያስፈልገው ወዲያው የሚሠራ ትንሽ ዕቃ፣ ከሆነ ግን ቱቦዎቹ እስኪሞቁ ቮልቴጁ ከወትሮው ከፍ ስለሚል፣ ካፓሲተሮቹ ያንን የሚችሉ መሆናቸውን በላያቸው ከተጻፈው ቁጥር አረጋግጡ።

«በእረፍት ሰዓት ስታንድባይ ላይ ማቆየት ቱቦውን ያሳርፈዋል»

አያሳርፈውም። ካቶዱ እየጋለ ጅረት ሳያልፍበት ለረጅም ሰዓት ሲቆይ፣ በካቶዱ ኒኬልና በሽፋኑ መካከል ጅረትን የሚገታ ንብርብር ያድጋል። በቱቦ ይሠሩ የነበሩ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች መሐንዲሶች በዚህ ችግር ተፈትነዋል። ለአጭር እረፍት የጊታሩን ድምፅ መቀነስ፣ ለረጅም ጊዜ ደግሞ ጨርሶ ማጥፋት ነው።

«ሰማያዊ ብርሃን ካየህ ቱቦው ሞቷል»

በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን ጤናማ ነው። የሚያስፈራው የቱቦው ፕሌት፣ ማለትም ግራጫው ብረት፣ መቅላቱ ነው፤ ያኔ ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል።

«የሶኬት መቀየሪያ ይበቃል»

ከአሜሪካ ዘመድ ይዞት የመጣ አምፕሊፋየር አዲስ አበባ ላይ ሲበራ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው በዚህ ነው። መቀየሪያው የሚለውጠው የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው። 120 ቮልት የሚፈልገውን ዕቃ ከ220 ቮልት ጋር የሚያስማማው ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው።

«ስፒከር ባይኖረውም ይሠራል»

በትራንዚስተር ለሚሠሩት ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ግን ስፒከሩ ተነቅሎ ሲጫወቱበት፣ ድምፁን ወደ ስፒከሩ በሚያስተላልፈው የውጤት ትራንስፎርመር ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦውን ሊያቃጥል ይችላል። ለአሮጌ ሞዴል የሚተካ ትራንስፎርመር ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

«ከሶኬት ተነቅሏል፣ ስለዚህ አይነዝርም»

ገዳዩ እምነት ይህ ነው። ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪኩ ከተነቀለ በኋላም 400 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ በተለይ አምፕሊፋየሩ በስታንድባይ ላይ እያለ ከጠፋ፣ የሚያስወጣላቸው ጅረት የለም። ክዳኑን ከፍታችሁ ቴስተሩን በዲሲ፣ ከ500 ቮልት በላይ በሚለካው ደረጃ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ሽቦ በሻሲው፣ ማለትም በአምፕሊፋየሩ የብረት አካል፣ ላይ ቆንጥጡ፤ በአንድ እጅ ብቻ ቀዩን በእያንዳንዱ ትልቅ ካፓሲተር አዎንታዊ ጫፍ ላይ አሳርፉ። ቮልት ካለ በመፍቻ አታጋጩት፤ ብልጭታው ካፓሲተሩንም እጃችሁንም ይጎዳል። ወፍራም፣ ጥቂት ዋት የሚችል፣ ጥቂት ሺህ ኦም የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አድርጋችሁ በካፓሲተሩና በሻሲው መካከል አገናኙና ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲወርድ ጠብቁ። ካውያውን የምታነሱት እንደገና ከለካችሁ በኋላ ነው።