ለመሥሪያ ቤት የተሠራ ዳታቤዝ ለገበያ ሲወጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለምሠራበት ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ በማይክሮሶፍት አክሰስ (ዳታቤዝ፣ ማለትም የተደራጀ መዝገብ መሥሪያ ፕሮግራም) ሠርቼ ነበር። ሦስት ዓመት ያለ ችግር አገለገለ። ሌሎች አይተው «ለእኛም ሽጥልን» ሲሉኝ በአንድ ሳምንት የማደርሰው መሰለኝ፤ ለሽያጭ እስኪበቃ ግን ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ያኔ እውነት ይመስሉኝ የነበሩ፣ ዛሬም ከሙያ ባልደረቦቼ የምሰማቸው አመለካከቶች አሉ።

«እየሠራ ነው፤ ኮፒ አድርጎ መስጠት ብቻ ነው የቀረው»

ከሁሉም የሚጎዳው ይኼ ነው። የውስጥ ዳታቤዝ ያለ እንከን የሚሠራ የሚመስለው ሠሪው ቅርብ ስለሆነ ነው። ፎርሙ ሲቆም ጠርተውን እናስተካክላለን። የትኛው ቁልፍ ቀድሞ እንደሚጫን ጸሐፊዋ በልምድ ታውቃለች። የትኛው ሪፖርት ከመታተሙ በፊት መታየት እንዳለበት የግምጃ ቤት ኃላፊው ያውቃል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ፋይሉ ውስጥ የለም። ፋይሉን ብቻ ይዘን ስንሄድ ግማሹን ትተን ነው የምንሄደው።

የመጀመሪያው ገዢ ቤት የገጠመኝ ይኸው ነው። የወሩን ወጪ ሪፖርት ሲያወጡ ከፊሉ ዕቃ የለም። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኮዴ ቀኑን ከፎርሙ ላይ እንዳለ አንሥቶ የኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ትእዛዝ ውስጥ ይለጥፈው ነበር። አክሰስ ደግሞ እንዲህ የተለጠፈ ቀን ሲያነብ በአሜሪካ ልማድ ወሩን ያስቀድማል። የቀድሞው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ በዚያው አቀማመጥ ስለነበሩ ስሕተቱ ሦስት ዓመት ተደብቆ ኖሯል። የገዢው ኮምፒውተር ግን ቀኑን ያስቀድማል። 03/04 ብለው ኤፕሪል 3ን ሲጠይቁ ፕሮግራሙ ማርች 4ን ይፈልጋል። ይባስ ብሎ 25/04 ሲጽፉ 25ኛ ወር ስለሌለ አክሰስ ራሱ ገልብጦ በትክክል ያነበዋል። እስከ 12ኛው ቀን ስሕተት፣ ከ13ኛው ጀምሮ ትክክል! የስሕተት መልእክት የሚባል ነገር የለም። መፍትሔው ቀኑን በፓራሜትር፣ ማለትም ትእዛዙ ውስጥ ሳይለጥፉ ለብቻው፣ ማስተላለፍ ወይም ዓመቱን አስቀድሞ፣ እንደ 2020-04-03፣ መጻፍ ነው። የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ግን ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ማንም አያየውም።

ፍሬድ ብሩክስ የተባለው የሶፍትዌር ምህንድስና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሠሪው ራሱ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ወደሚችል ምርት መቀየር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ወጪ እንደሚጠይቅ ጽፏል። ከራሴ ልምድ የማውቀው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

«ለአንድ ቤት የተሠራ ነገር ለገበያ አይሆንም»

ይኼም ስሕተት ነው። ዛሬም ትልልቅ ባንኮች የሚጠቀሙበት የአይቢኤም ዳታቤዝ፣ አይኤምኤስ፣ የተወለደው ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ነው። የሮኬቱንና የመንኮራኩሩን እጅግ ብዙ ክፍሎች ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1966 ተጀምሮ በ1968 ሥራ ላይ ዋለ፤ በዓመቱ ለገበያ ቀረበ።

«እኔ ስለሠራሁት የእኔ ነው»

በሥራ ሰዓት፣ በደመወዝ፣ በሥራ ድርሻችሁ የሠራችሁት ፕሮግራም በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ የአሠሪው ነው። ከመሸጣችሁ በፊት ከአሠሪው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋችኋል። «እሺ በለው» ተብሎ በቃል የተሰጠ ፈቃድ አለቃው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ውስጡ ያለው መረጃም ሌላ ጉዳይ ነው። የደንበኞችና የሠራተኞች መዝገብ ለናሙና ተብሎ ከቀረ የሰዎችን ምስጢር ሸጣችሁ ማለት ነው። «ዲሊት አድርጌዋለሁ» ማለት አይበቃም። አክሰስም ሆነ ኤስኪውላይት (ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም) መዝገብ ሲደመሰስ ቦታውን «ባዶ» ይሉታል እንጂ በተለመደው አሠራራቸው ወዲያው አያጠፉትም። አክሰሱ ኮምፓክት፣ ኤስኪውላይቱም ቫኪዩም እስኪደረግ (ባዶው ቦታ ወጥቶ ፋይሉ እንደገና እስኪጻፍ) ድረስ ፋይሉን በሌላ መሣሪያ የከፈተ ሰው ስምና ስልክ ሊያነብ ይችላል። እኔ አዲስ ባዶ ፋይል ከፍቼ የሰንጠረዦቹን አወቃቀር ብቻ ነው የማስገባው፤ የድሮውን ፋይል አጽድቼ አልሸጥም።

«ዳታቤዙ ነፃ ነው፤ ስለዚህ አብሬ ብሸጠው ችግር የለውም»

ነፃ ሁሉ አንድ አይደለም። ኤስኪውላይት ሠሪዎቹ የቅጂ መብታቸውን ለሕዝብ ስለተዉት ማንንም አያስፈቅድም። ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስኪውኤልም የቅጂ መብት ማስታወሻው ይቆይ እንጂ ለንግድ ክፍት ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ግን በጂፒኤል ፈቃድ (አዋህዶ የሚያከፋፍል ሰው የራሱንም ኮድ እንዲከፍት በሚጠይቅ ፈቃድ) ነው የሚሰጠው፤ ኮዳችሁን ሳትከፍቱ ከምርታችሁ ጋር አዋህዳችሁ ለማከፋፈል ከባለቤቱ ከኦራክል የንግድ ፈቃድ መግዛት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። የአክሰስ ራንታይም (የተሠራውን ዳታቤዝ ለመጠቀም ብቻ የሚያገለግለው ክፍል) ከ2007 እትም ወዲህ በነፃ ይሰጣል፤ ገዢው ሙሉውን አክሰስ መግዛት የለበትም። የአክሰስ ፋይል ግን ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ገዢያችሁ ከእናንተ መሥሪያ ቤት አሥር እጥፍ የሚመዘግብ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

«ፓስዎርድ አድርጌበታለሁ፤ ማንም አይሰርቀኝም»

የአክሰስ ፋይላችሁን ወደ ኤሲሲዲኢ (ለማከፋፈል ወደሚዘጋጅ የተቆለፈ ፋይል) ስትቀይሩት የጻፋችሁት ኮድ ከፋይሉ ይወገዳል፤ ፎርሞቹም ለማሻሻል አይከፈቱም። ሰንጠረዦቹና ኩዌሪዎቹ (የተቀመጡት ጥያቄዎች) ግን እንዳሉ ይታያሉ። በ32 ቢት አክሰስ የተዘጋጀው በ64 ቢት ላይ ስለማይከፈት ሁለቱንም ማዘጋጀት አለባችሁ። ዋናው ፋይል ከጠፋባችሁ ደግሞ ከኤሲሲዲኢው ተመልሳችሁ ኮዱን አታገኙትም።

ለላይሰንስ ቁጥር ብዙዎች የራሳቸውን ምስጢራዊ ስሌት ይፈጥራሉ፤ ስሌቱ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ስለሚቀመጥ ፈልጎ የሚያገኘው አይጠፋም። የሚሻለው ዲጂታል ፊርማ ነው። የገዢው ስም፣ የተጠቃሚዎች ብዛትና የሚያበቃበት ቀን በአንድ ትንሽ ፋይል ይጻፋሉ፤ እናንተ ዘንድ ብቻ ባለው የግል ቁልፍ ይፈረማል፤ ፕሮግራሙ አብሮት በሚሰጠው፣ ፊርማን ለማረጋገጥ ብቻ በሚያገለግለው ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል። አንዲት ፊደል ከተነካች ፊርማው ይፈርሳል። ፕሮግራሙን ራሱን ሰብሮ ማረጋገጫውን የሚያስወግድ ሰው አይጠፋም፤ ሐቀኛ ገዢ ግን ምን እንደገዛ በግልጽ ያውቃል። በዚህ ላይ አቋሜ የማያወላዳ ነው፦ ፈቃዱ ሲያበቃ አዲስ መዝገብ ማስገባት ይከልከል እንጂ ገዢው የራሱን መረጃ ማየትና ማተም መቻል አለበት። መረጃው የእሱ ነው።

«ከገዛው የእሱ ነው፤ እንደፈለገ ያድርገው»

የሚሸጠው የመጠቀም ፈቃድ ነው። በስንት ኮምፒውተር፣ ለስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።

«አንዴ ሸጬ እገላገላለሁ»

በመሥሪያ ቤት አንድ ዓምድ መጨመር ካስፈለገ ምሳ ሰዓት ላይ ፋይሉን ከፍተን እንጨምራለን። ሃያ ገዢ ዘንድ ሃያ ፋይል አለ፤ እያንዳንዱ የገዢው የዕለት ሥራ ተሞልቶበታል። አዲስ ፋይል ልካችሁ የድሮውን ብትተኩት መዝገቡን አጠፋችሁት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ፕሮግራሙና መረጃው በሁለት ፋይል ይለያዩ። ለእያንዳንዱ ገዢ የተለየ ኮድ መጻፍም ይቅርባችሁ፤ ልዩነቱ በሴቲንግ ይያዝ፤ አለዚያ አንድ ስሕተት ሃያ ጊዜ ታርማላችሁ።

እኔ የመረጃው ፋይል ውስጥ የቨርዥን ቁጥር ብቻ የምትይዝ ትንሽ ሰንጠረዥ አስቀምጫለሁ። አዲሱ ፕሮግራም ሲከፈት ቁጥሯን ያነባል። 7 ሆና ካገኛት እና እሱ 9 ከሆነ፣ መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ቀኑን ጽፎበት ያስቀምጣል፤ ከዚያ ከ7 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 9 የሚያሻግሩትን ለውጦች በተራ ይፈጽማል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ ቅጂው አለ፤ ገዢውም ትናንት የመዘገበውን ዛሬ ያገኘዋል።