ለስላሳ ብርሃን ምንድን ነው? በአቡጀዲና በአንድ አምፖል የሚሠራ የቤት ስቱዲዮ

እህቴ በቴሌግራም ልብስ መሸጥ የጀመረች ሰሞን ፎቶ አንሺዋ እኔ ነበርኩ። ልብሱን ራሷ ትለብሳለች፣ እኔ በስልኬ አነሳለሁ። ፎቶዎቹ እየጨለሙ ሲያስቸግሩን «ብርሃን ነው ያነሰን» ብለን አንድ የኤልኢዲ ፓውዛ ገዛን። ማታ ሳሎን ውስጥ አበራነው። ክፍሉ ቀን መሰለ። ፎቶው ግን ከበፊቱ ባሰ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ተለጠፈ። ግንባሯና አፍንጫዋ ዘይት የተቀባ ይመስል አብረቀረቀ። የቀሚሱ አንዱ ወገን ነጣ፣ ሌላው ጠቆረ።

ከዚያ እናቴ ለትራስ ልብስ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ ለምነን አወጣን። በልብስ ገመድ ላይ ሰቀልነውና ፓውዛውን ከጀርባው አቆምነው። ፓውዛው ያው ነው፣ ስልኩም ያው ነው። ፎቶው ግን ጥሩ ፎቶ ቤት የተነሳ መሰለ። የገረመኝ ነገር ጨርቁ ብርሃኑን የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አለመሆኑ ነው። ብርሃን አንሶን አልነበረም ማለት ነው። የጎደለን ለስላሳ ብርሃን ነበር።

ለስላሳ ብርሃን ሲባል ብዙ ሰው ደብዛዛ ብርሃን ይመስለዋል። አይደለም። ድምቀት ሌላ፣ ልስላሴ ሌላ። የብርሃን ልስላሴ የሚለካው በጥላው ጠርዝ ነው። ጠንካራ ብርሃን የሚጥለው ጥላ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በጣት ልታሳዩ ትችላላችሁ። የለስላሳ ብርሃን ጥላ ግን ቀስ እያለ ይሳሳና ይጠፋል። ለማየት ስቱዲዮ አያስፈልግም። ማታ አንድ አምፖል ብቻ አብሩና እጃችሁን ከነጭ ወረቀት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ይወጣል። በማግስቱ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ያንኑ ሞክሩ። ጣቶቹን ለይቶ መቁጠር ያስቸግራል።

ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ የገባው ሰው ከዚያ በኋላ የሚቀረውን በራሱ ያገኘዋል።

አንዲት ጉንዳን የሰው ጉንጭ ላይ ከአፍንጫው ጥግ ተነስታ ወደ ጆሮው ትሄዳለች እንበል። መብራቱ በአፍንጫው ማዶ ነው። አምፖሉ ትንሽ ከሆነ ጉንዳኗ መጀመሪያ ምንም አታይም፤ አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ጋርዶባታል። አንድ እርምጃ ስትራመድ አምፖሉ በሙሉ ይገለጥላታል። ወይ ጨለማ ነው፣ ወይ ብርሃን ነው። መሃል የለም። ጥላው በምላጭ የተቆረጠ የሚመስለው በዚህ ነው። አሁን በአምፖሉ ፈንታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የሚያበራ ጨርቅ አስቡ። ጉንዳኗ ስትራመድ መጀመሪያ የጨርቁን ጠርዝ ታያለች፣ ቀጥሎ ሩቡን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ በመጨረሻ ሁሉንም። በእያንዳንዱ እርምጃ ጉንጩ ትንሽ ትንሽ እየበራ ይሄዳል። ለስላሳ ብርሃን ማለት ይኸው ነው፤ ከሚነሳው ሰው ቦታ ሆነን ስናየው ትልቅ የሆነ ብርሃን።

«ከሚነሳው ሰው ቦታ ሆነን ስናየው» የምትለዋ ነገር ወሳኝ ናት። ፀሐይን ተመልከቱ። ስፋቷ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእኛ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ እጅን ዘርግቶ በትንሿ ጣት መሸፈን ይቻላል። ለፊታችን ትንሽ አምፖል ናት ማለት ነው። የቀትር ፀሐይ ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ የምትጥለው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ፀሐይዋ አልተለወጠችም። ነገር ግን አሁን የሚያበራልን ደመናው ነው፤ እሱ ደግሞ ሰማዩን ሞልቶታል። አቡጀዲ የቤት ውስጥ ደመና ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጨርቁ ሙሉ በሙሉ መብራት አለበት። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ሶፍት ወይም ቁራጭ ጨርቅ አምፖሉ ላይ መጠቅለል ነው። ይሄ ድምቀቱን ቀነሰ እንጂ ምንም አላለሰለሰም፤ የሚያበራው ነገር አሁንም የአምፖል ያህል ትንሽ ነው። መብራቱን ከጨርቁ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር አርቁትና ብርሃኑ እስከ ጨርቁ ጫፍ ሲደርስ እዩ። ሁለተኛ፣ ጨርቁ ለሰውየው ቅርብ ይሁን። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ከአንድ ሜትር ወደ ሦስት ሜትር ሲርቅ፣ ለሚነሳው ሰው የሚታየው የሲሶ ያህል ሆኖ ነው። ልስላሴውም አብሮ ይሄዳል። እኔ ጨርቁን ወደ ፎቶው ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አስጠጋዋለሁ። ሲጠጋ ብርሃኑም ስለሚጨምር በጨርቁ ምክንያት የጠፋው ድምቀት ከፊሉ ይመለሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሞራሌ ወይም ከአሮጌ የመጥረጊያ እንጨት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ፍሬም ምቱ። አቡጀዲውን ወጥራችሁ በስፒል ወይም በትንንሽ ሚስማር ያዙት። ፍሬም መምታት የሚያደክም ከሆነ የልብስ ገመድና መቆንጠጫ ይበቃል። አዲስ አቡጀዲ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሙጫም አለው፤ በደንብ ታጥቦ ሲነጣ ይሻላል። ጨርቁ የያዘው ቀለም ፊት ላይ ያርፋልና ቢጫ ወይም ሰማያዊ አንሶላ አይሆንም። ሳሳ ያለ ነጠላም ቆንጆ ያለሰልሳል፣ ጥለቱ ብቻ ከብርሃኑ መንገድ ይውጣ። ጋቢ ግን ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑን ይበላዋል። ፍሬሙ ወይም የመብራቱ ማቆሚያ እንዳይወድቅ አሸዋ የሞላ ሃይላንድ እግሩ ላይ እሰሩ።

አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። ኬልቪን የሚለው ቁጥር የብርሃኑን ቀለም ይነግራችኋል። 3000 ገደማ ቢጫ ነው፣ 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። የቀን ፀሐይ ብርሃን 5500 አካባቢ ነው ተብሎ ይያዛል። የትኛውንም ብትመርጡ ስልኩ ወይም ካሜራው ቀለሙን ያስተካክለዋል። ማስተካከል የማይችለው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ጨርቁ በነጭ አምፖል እየበራ የሳሎኑ ቢጫ መብራት ካልጠፋ፣ የፊቱ አንድ ጉንጭ ሰማያዊ ሌላው ብርቱካናማ ይሆናል። ሌሎቹን ሁሉ አጥፉ። ሲአርአይ (CRI) የሚል ቁጥር ካለ ደግሞ፣ አምፖሉ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግር ነውና፣ 90ና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጉ። ዝቅተኛ ሲአርአይ ያለው አምፖል ቀዩን ቀለም ስለሚያደክመው ጠይም ፊት አመድ የነፋበት ይመስላል።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከመጡ አምፖሉ እየተርገበገበ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ርካሽ አምፖል በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለቴ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ብታደርጉት መስመሩ ይጠፋል።

አንድ ጨርቅ አንድ ወገን ያበራል። ሌላው ወገን በጣም ከጨለመ ሁለተኛ መብራት ለመግዛት አትቸኩሉ። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም ካላችሁ ከጨርቁ ትይዩ አቁሙት። ከሌለ ካርቶን ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ብርሃኑን መልሶ ወደ ጨለመው ጉንጭ ይልካል። ስታስጠጉት ጥላው ይሳሳል፣ ስታርቁት ይጠቁራል። ጥላውን ግን ጨርሶ አታጥፉት፤ ፊት ቅርጽ የሚያገኘው ከጥላ ነው። ጨርቁም ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሰያፍ፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም።

ለእኛ ቆዳ ይህ ነገር የበለጠ ይጠቅማል። ቆዳ ላይ የምናየው ብልጭታ የመብራቱ ምስል ነው፤ መስታወት ላይ እንደሚታየው፣ ግን የደበዘዘ። መብራቱ ትንሽ ሲሆን ብልጭታው የላብ ጠብታ ይመስላል። ትልቅ ሲሆን ተዘርግቶ ጉንጩና ግንባሩ ላይ የሚያምር ወዝ ይሆናል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የፊትን ቅርጽ በብዛት የሚያወጣው ይህ ወዝ ነው። ስለዚህ ጠቆር ያለ ሰው ለማንሳት «መብራት ጨምር» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ መንገድ ያስታል። ጨርቁን አስፉት። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ከሆነ ደግሞ ስልኩ ነጩን አይቶ ፊቱን ስለሚያጨልመው ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ድምቀቱን ከፍ አድርጉ።

መብራት ሲጠፋስ? መስኮት አለ። የድሮ የአውሮፓ ፎቶ ቤቶች ወደ ሰሜን የዞረ ትልቅ መስታወት ነበራቸው፤ በዚያ በኩል ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛሉ። ይህን «የሰሜን መስኮት» ምክር ዛሬም ብዙ ቦታ ታነቡታላችሁ። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ መጽሐፉን ትታችሁ የራሳችሁን መስኮት እዩ። ፀሐይ ከገባ አቡጀዲውን መስኮቱ ላይ ስቀሉት፤ ፀሐይዋ ራሷ ፓውዛ ትሆንላችኋለች።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። አሮጌው የሃሎጅን ፓውዛ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ጨርቅ ወይም ካርቶን አጠገብ አታድርጉት። ኤልኢዲም ቢሆን ጨርቅ ሳይነካው፣ ጀርባው አየር እያገኘ ይሥራ። ገመዱን ሰው እንዳይጠልፍ በግድግዳ ጥግ አሳልፉት፣ በተለይ ልጆች ካሉ።

ለስላሳ ብርሃን ለሁሉም ነገር ይሆናል ማለት ግን አይደለም። እህቴ አንድ ቀን የሐበሻ ቀሚስ ስታመጣ እንደለመድነው በአቡጀዲው አነሳናት። ፊቷ አማረ፣ ጥበቡ ግን ሞተ። ክሩ ከጨርቁ ከፍ ብሎ የተሠራ መሆኑ አልታይ አለ። የክር ጥላ ትንሽ ናት፤ ለስላሳ ብርሃን ያጠፋታል። የጀበና ሸክላም፣ የዳቦ ቅርፊትም እንደዚሁ ናቸው። ለጥበቡ አቡጀዲውን አነሳንና ፓውዛውን ወደ ጎን ወስደን ብርሃኑ ቀሚሱን ገርፎ እንዲያልፍ አደረግን። ክሩ አንድ በአንድ ተነስቶ ታየ። አሁን እያንዳንዱን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ነው የምናነሳው፤ በአቡጀዲው እሷን፣ ያለ አቡጀዲ ጥበቡን።