መቀነትና ሰይፍ፦ ጀግንነትና ጾታ በመካከለኛው ዘመን የጀርመንና የዪዲሽ የፈረሰኛ ተረኮች

«ቪጋሎይስ» የሚጀምረው በመቀነት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቪርንት ፎን ግራፈንበርግ በጀርመንኛ በጻፈው በዚህ ረጅም ግጥም፣ ዮራም የተባለ ባዕድ ንጉሥ በተረት ለገነነው ለብሪታንያ ንጉሥ ለአርተር ሚስት ለንግሥት ጊኖቬር አስማት ያለበት መቀነት ያመጣላታል። ንግሥቲቱ መልሳ ስትሰጠው እሱ ራሱ ታጥቆት የአርተርን ፈረሰኞች ይገጥማል፤ ስመ ጥሩ ጋቫይን ሳይቀር ተሸንፎ ይማረካል። በምርኮው አገር ጋቫይን የዮራምን ዘመድ ፍሎሪን አግብቶ ጥቂት ይቆይና አርተርን ሊጠይቅ ይወጣል። መቀነቱን ግን ቤት ትቶታል፤ ያለ እሱ ደግሞ ወደዚያ አገር መመለስ አይቻልም። ነፍሰ ጡሯ ፍሎሪ ብቻዋን ትቀራለች። ልጇ ቪጋሎይስ አድጎ አባቱን ፍለጋ ሲወጣ ያንኑ መቀነት የምታስታጥቀው እሷ ናት።

የእነዚህ ተረኮች ጀግና ሰይፍ ይዞ ዘንዶ ይገድላል፤ ጀግና መሆን አለመሆኑ የሚለየው ግን ብዙውን ጊዜ በሴቶች እጅ ነው። ቪጋሎይስ ዘንዶውን ፔታንን ከገደለ በኋላ ራሱን ስቶ ውሃ ዳር ይወድቃል። የሚያገኙት ድሃ ዓሣ አጥማጅና ሚስቱ ናቸው። ትጥቁን ገፈው፣ መቀነቱንም ወስደው ራቁቱን ያስቀሩታል። ሴትየዋ ውሃ ውስጥ ልትጨምረው አስባ የገላውን ውበት ስታይ ታዝንለታለች። ዘንዶ ገዳዩ የተረፈው በአንዲት ድሃ ሴት ዓይን ነው ማለት ነው።

ሩኤል የተባለችው የጫካ ሴት ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ባሏን አንድ ፈረሰኛ ገድሎባት ቂም የያዘች፣ ጉልበቷ የሚያስፈራ ሴት ናት። ቪጋሎይስ በሴት ላይ ሰይፍ መምዘዝ ነውር ነው ብሎ ዝም ሲል አፈፍ አድርጋ ትወስደውና እጁን የፊጥኝ ታስረዋለች። በገዛ ሰይፉ አንገቱን ልትቆርጠው ስትል ፈረሱ ያሽካካል። እሷም ዘንዶው የመጣ መስሏት ትሸሻለች። ባለቅኔው ሩኤልን ከእንስሳ ሊያስተካክላት ብዙ ስንኝ ያጠፋል፤ ለእኔ ግን በዚያ ትዕይንት ውስጥ የሚታዘንላት እሷ ናት።

ሌሎቹም የጀርመን ተረኮች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ያነሱታል። ሐርትማን ፎን አውኤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው «ኤሬክ»፣ ባልየው ከሚስቱ ከኤኒተ ጋር አልጋ ላይ ውሎ እያደረ ፈረሰኝነቱን ረሳ ተብሎ ይታማል። ሐሜቱን ከእሷ አፍ ሲሰማ ከፊት እየጋለበች ዝም እንድትል አዞ ይዟት ይወጣል። ሽፍቶች በመጡ ቁጥር ትእዛዙን ጥሳ ታስጠነቅቀዋለች። ለቅጣት ከሽፍቶቹ የተማረኩትን ስምንት ፈረሶች ብቻዋን እንድትነዳ ያደርጋታል። በ1200 አካባቢ በተጻፈው «የኒቤሉንገን መዝሙር»፣ እሱ እንኳ የፈረሰኛ ተረክ ሳይሆን የጀግኖች ታሪክ ነው፣ ብሩንሂልድ በሠርጓ ሌሊት ንጉሥ ጉንተርን በመቀነቷ አስራ እስኪነጋ ድረስ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ጉልበቷ የሚያልፈው ድንግልናዋ ሲወሰድ ነው።

ዪዲሽ በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፍ፣ ከጀርመንኛ ጋር የሚዛመድ የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። በቋንቋው የፈረሰኛ ተረክ ቀድሞ ይነገር እንደነበር «ዱኩስ ሆራንት» ይመሰክራል፤ 1382 የሚል ዓመት ያለበት ይህ ጽሑፍ የተገኘው በካይሮ፣ በአሮጌው ምኩራብ የወረቀት ክምችት ውስጥ ነው። «ቪጋሎይስ»ም ተተርኮ «ቪዱቪልት» ሆነ። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። አባትየው ሊሄድ ሲነሳ ሚስቱ የሚወለደውን ልጅ ማን ልበለው ትለዋለች፤ እሱም «እንደፈለግሽ» ይላታል፤ እሷም ቃሉን እንዳለ ስም ታደርገዋለች። እኛ ዘንድ እንደሻው የሚባል ሰው ስላለ ነገሩ ብዙም አይገርመን ይሆናል፤ ልዩነቱ የኛው እንደሻው ወደ ፈጣሪ ማመልከቱ ነው። በጀርመንኛው ጀግናውን በየመከራው የሚደግፉት የክርስትና ጸሎቶች በዪዲሹ ሳስተዋል፤ በምትኩ ሳቅ በዝቷል። ተረኩ በ1671 አምስተርዳም ላይ ታትሟል።

በዪዲሽ ከሁሉ የገነነው ግን «ቦቮ ቡኽ»፣ ቦቮ የተባለው ጀግና መጽሐፍ ነው። ኤልያ ሌቪታ በ1507 በጣሊያን አገር ከጣሊያንኛ ተነስቶ ገጠመው፤ በ650 አንጓዎች፣ እያንዳንዱ ስምንት ስንኝ ነው። በ1541 በጀርመኗ ኢስኒ ከተማ ሲታተም የዕብራይስጥ ሰዋስው ሊቅ የነበረው ሌቪታ ራሱን የደጋግ ሴቶች ሁሉ አገልጋይ ብሎ አስተዋወቀ። በዘመኑ የዪዲሽ መጻሕፍት ለሴቶችና ዕብራይስጥ ላልተማሩ ወንዶች ይባሉ ነበር። በዚህ ተረክ የክፋትም የጽናትም ምንጭ ሴት ናት። የቦቮ እናት ብራንዶንያ ሽማግሌ ባሏን ታስገድላለች፣ ልጇንም በመርዝ ልትጨርሰው ትሞክራለች፤ የሚያስጠነቅቀው የቤት ሠራተኛዋ ናት። የቦቮ ሚስት ልዕልት ድሩዛኔ ደግሞ መንታዎቿን በጫካ ትወልዳለች። ቦቮ ሞታለች ብሎ ሌላ ሊያገባ ሲል በአዝማሪ መልክ፣ ልጆቿን አስከትላ ሠርጉ ላይ ትደርሳለች። ባሏን የምታስመልሰው በዘፈን ነው።

መጽሐፉ በየዘመኑ እየታተመ ከመነበቡ የተነሳ «ቦቮ ማይሴ»፣ የቦቮ ተረት ማለት ነው፣ ለማይታመን ወሬ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ቦቮ ማን እንደነበር ሲረሳም ቃሉ በሰው አፍ «ቦቤ ማይሴ» ተባለ፤ የሴት አያት ተረት።